ክሩ ከየት መጣ? ስለ ዲጂታል የምርት ፓስፖርት ከጎንደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በጎንደር ከተማ የንግድና የኢንዱስትሪ ሥራ ለምትመሩ ኃላፊዎች፣
ለጥጥ መዳመጫ ባለቤቶችና ለክር አከፋፋዮች፣
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የጥጥና የክር ምንጭ የሚመዘገብበት አሠራር እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በከተማችን ካሉ ሸማኔዎችና ፈታዮች ጋቢ፣ ኩታ፣ ፎጣና የአንገት ልብስ እየተረከብሁ፣ አብዛኛውን እዚሁ በመሸጥ፣ ጥቂቱን ደግሞ በካርቶን አሽጌ አውሮፓ ለሚገኝ አንድ ደንበኛ በመላክ የምተዳደር ነጋዴ ነኝ። ሥራዬ ትንሽ ነው፤ የዓመቱ ጭነቴ ቢደመር የአንድ አይሱዙ ጥግ አይሞላም። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተነሣሁት የደረሰብኝ ነገር ነገ ከእኔ የሚበልጡትንም ነጋዴዎች ደጃፍ እንደሚያንኳኳ ስለተረዳሁ ነው።

ባለፈው ዓመት የጥምቀት ግርግር እንዳለፈ፣ ደንበኛዬ ለላክሁለት ስልሳ የአንገት ልብስ የሚሞላ ቅጽ በኢሜይል ላከልኝ። ጥያቄዎቹ እንደ ወትሮው ስለ ዋጋና ስለ ብዛት አልነበሩም። ጥጡ የበቀለው በየትኛው ወረዳ ነው? የተዳመጠው የት ነው? ክሩን የፈተለው ማን ነው? ቀለሙ ከምን የተሠራ ነው፣ የነከረውስ ማን ነው? ይህ ሁሉ ለድሩ፣ ማለት በርዝመት ለሚዘረጋው ክር ለብቻ፣ ለማጉ፣ ማለት በአግድም ለሚገባው ክር ለብቻ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ማጉ ላይ ብዕሬ አልተደናቀፈም፤ የፈተሉትን እናቶች ከነቤታቸው አውቃቸዋለሁ፣ ጥጡን ከየትኛው ነጋዴ እንደገዙ፣ ልቃቂቱንም በየትኛው ሳምንት እንዳስረከቡኝ መናገር አያቅተኝም። ድሩ ግን ሸማኔው ከገበያ የገዛው የፋብሪካ ክር ነበር። ከጅምላው እሽግ ተከፍሎ በፌስታል የተሸጠ፣ የፋብሪካ ስም፣ የምርት ቁጥርም ሆነ ቀን የሌለው ነጭ ክር ነው። እኔም እንደ ልማዳችን «መቶ በመቶ ጥጥ» ብዬ ጽፌ ፈረምሁበት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። ደንበኛዬ ናሙናውን አስመርምሮ ኖሮ ድሩ ውስጥ ፖሊስተር የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ተገኝቷል። በአውሮፓ ኅብረት የጨርቃ ጨርቅ ስያሜ ደንብ ቁጥር 1007/2011 መሠረት አንድን ልብስ መቶ በመቶ ወይም ንጹህ ጥጥ ብሎ መሸጥ የሚቻለው ሙሉ በሙሉ ከጥጥ የተሠራ ከሆነ ብቻ ነው። ደንበኛዬ ክፉ ሰው ስላልሆነ ዕቃውን አልመለሰም፤ መለያውን ቀይሮ በቅናሽ ሸጠውና የጎደለውን ከሚቀጥለው ክፍያዬ ላይ ቀነሰ። ገንዘቡ አልጎዳኝም አልልም። ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን የማላውቀውን ነገር በፊርማዬ ማረጋገጤ ነው።

በዚያው ሰሞን ልብሱን ወደ ሠሩት አዛውንት ሸማኔ ቤት ሄድሁ። ነገሩን ስነግራቸው አልተከራከሩኝም። ከሸማ ዕቃው ላይ የተረፈውን የድር ቁራጭ አነሡና ክብሪት ጫሩ። አስቀድመው ያቃጠሉት ለማነጻጸሪያ እንዲሆን በእጅ የተፈተለውን ማግ ነበር፤ እንደ ወረቀት ሸትቶ ነደደ፣ የቀረውም ግራጫ አመድ በጣት ሲነካ ብን ብሎ ጠፋ። ድሩ ግን ከነበልባሉ እንደመሸሽ ብሎ ተኮማተረ፣ ጥቂት ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ጫፉም ላይ ጎመን ዘር የምታክል ጠንካራ ጉጥ ቀረች። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን ቢሏትም አልፈረሰችም። «ልጄ፣ እኔ የምገዛው በውፍረት ቁጥሩና በኪሎው ነው» አሉኝ፤ «ከምን እንደተፈተለ የሚነግረኝ ሰው የለም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም።» እኔም ለሃያ ዓመት ያህል አልጠየቅሁም ነበርና የምመልሰው አልነበረኝም።

የዚያ ቅጽ መነሻ የደንበኛዬ አመል አለመሆኑን የተረዳሁት ከዚህ በኋላ ሳጠያይቅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ቁጥሩ 2024/1781 የሆነ፣ ምርቶች ሲነደፉ ጀምሮ ዘላቂነት እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ከሐምሌ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል። ደንቡ ካመጣቸው አዳዲስ ነገሮች ዋነኛው ዲጂታል የምርት ፓስፖርት የሚባለው ነው። በምርቱ፣ በማሸጊያው ወይም አብሮት በሚሄድ ሰነድ ላይ እንደ ኪውአር ኮድ ያለ ምልክት ይደረግበታል፤ በስልክ ሲነበብ የምርቱን ልዩ መለያ ቁጥር ተከትሎ ስለ ምርቱ የተመዘገበውን መረጃ ያወጣል። ከምን እንደተሠራ፣ የሚያሠጋ ኬሚካል ይኑርበት አይኑርበት፣ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው፣ እንዴት እንደሚጠገን፣ ሲያረጅ ወዴት መሄድ እንዳለበት ሊያካትት ይችላል። ዝርዝሩ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለየምርቱ ለብቻው በሚወጣ ሕግ ይወሰናል። ምግብና መድኃኒት ከዚህ ደንብ ውጭ ናቸው፤ ስለዚህ የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ነጋዴዎች በዚህኛው በኩል እፎይ ሊሉ ይችላሉ።

እኛ ግን እፎይ የምንልበት ቦታ ላይ አይደለንም። ኅብረቱ በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የመጀመሪያ የሥራ ዕቅድ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ምርቶች መካከል አልባሳት ከብረት፣ ከአሉሚኒየም፣ ከጎማ፣ ከቤት ዕቃና ከፍራሽ ጋር ተቀምጠዋል። ዕቅዱ የአልባሳቱ ዝርዝር ሕግ የሚወጣበትን ጊዜ በአውሮፓውያኑ 2027 ላይ ያስቀምጣል፤ ሕጉ ከወጣም በኋላ ተፈጻሚ እስኪሆን በመደበኛው አሠራር ቢያንስ 18 ወር ይሰጣል። ጋቢ በእነርሱ ዓይን ልብስ ይሁን ብርድ ልብስ፣ እኛ ቀን ለብሰነው ማታ የምንተኛበት ነገር በየትኛው ሣጥን እንደሚገባ ለማየት ጓጉቻለሁ። ከልብስ ቀድሞ ፓስፖርት የሚወጣለት ባትሪ ነው፤ ከየካቲት 11 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ያለ ፓስፖርት ወደ ኅብረቱ ገበያ አይገባም። ሀገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ ይህም ነገ እኛን የሚመለከት ጉዳይ ነው፣ ዛሬ ግን ከክሩ አልወጣም።

በሕጉ ፊት ተጠያቂ የሚሆነው ዕቃውን በኅብረቱ ገበያ ላይ የሚያውለው ወገን ነው፤ ከውጭ ለሚገባ ዕቃ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አስመጪው ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ «እንግዲያው ሸክሙ የእነርሱ ነው» ብለው ነገሩን ትተውታል። አስመጪው ግን የማያውቀውን ከልቡ አያመነጭም። እኔን ይጠይቃል፣ እኔ ሸማኔውን እጠይቃለሁ፣ ሸማኔው ክር ሻጩን፣ ክር ሻጩ ዝም ይላል። መልስ ያጣው አስመጪ ደግሞ የሚቀጣበትን ዕቃ ከሚይዝ መልስ ወዳለው ሀገር ፊቱን ያዞራል። የምርቶቹ መለያ የሚገባበት ማዕከላዊ መዝገብ ስለሚኖር፣ ጉምሩክ ሊያጣራ የሚችለው ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ነው። በጥንቱ የመተማ መንገድ ነጋዴ ኬላ ሲደርስ ጭነቱን ፈትቶ ያሳይ ነበር፤ አሁን የሚመጣው ኬላ ደግሞ የጭነቱን ታሪክ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። በዚህ ጉዳይ ላይ በተቀመጥሁባቸው ጥቂት ውይይቶች ሁሉ ወሬው ስለ ኪውአር ኮድ፣ ስለ መተግበሪያና ስለ ሲስተም ግዢ ሆኖ ሰምቻለሁ። ኮዱ ቀላሉ ክፍል ነው። በቴሌብር የቡና ሒሳብ የሚከፍል የከተማችን ወጣት ኮድ ማንበብ አይቸግረውም፣ ማተሚያ ቤቶቻችንም ያትሙታል። ከባዱ ኮዱ ሲከፈት የሚታየው ገጽ ላይ የሚጻፈው እውነት ነው። እርሱም የሚጀምረው ከእርሻው ነውና የጥጣችንን መንገድ አንድ ጊዜ አብረን እንሂድበት።

በመተማና በቋራ ቆላ ጥጡ ይለቀማል። ለቃሚው የሚያጉርበት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ እኛ «ማዳበሪያ» የምንለው የፕላስቲክ ከረጢት ነው። ከዚህ ከረጢት አፍ ላይ የሚተረተረው ቀጭን ጭረት ከጥጡ ጋር ተዳምጦ፣ ከጥጡ ጋር ተፈትሎ፣ ከጥጡ ጋር ይሸመናል፤ ቀለም ስለማይቀበል ግን ልብሱ ሲነከር ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። በእጄ ይህን ጭረት በመርፌ ለቅሜ ያወጣሁበት ቀን ጥቂት አይደለም። እንግዲህ ፓስፖርቱ ስለሚጠይቀው ንጽህና ስናወራ የመጀመሪያው ወጪ ኮምፒውተር ሳይሆን የጥጥ ጨርቅ ከረጢት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ጥጡ ወደ መዳመጫ ይመጣል፤ ፍሬው ተለይቶ ከጠቅላላው ክብደት ሲሶ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጠው ተጨምቆ ባሌ ሆኖ ይታሰራል። የአንዱ ገበሬ ጥጥ ከሌላው፣ የመተማው ከቋራው፣ የዘንድሮው ከአምና ትራፊ ጋር የሚቀላቀለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ባህር ዳርም ሆነ ኮምቦልቻ ወይም ከዚያ ርቆ ወዳለ ፋብሪካ ሄዶ ክር ሆኖ ይመለሳል። ፋብሪካው በእሽጉ ላይ የሚለጥፈው ወረቀት ብዙውን ጊዜ የክሩን የውፍረት ቁጥር፣ የተሠራበትን ዓይነትና የምርት ቁጥር ይይዛል። ወረቀቱ እስከ ጅምላ ነጋዴው ድረስ ይደርሳል። እሽጉ ተፈትቶ ለሸማኔ በኪሎ ሲከፋፈል ግን ወረቀቱ ከካርቶኑ ጋር አብሮ ይጣላል። የእኔም ኪሣራ የተወለደው እዚያ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። መዳመጫዎች ለእያንዳንዱ ባሌ ተከታታይ ቁጥር ሰጥተው ጥጡ የመጣበትን ወረዳና የምርት ዘመን በመዝገብ እንዲይዙ፣ የተቀላቀለውንም «የተቀላቀለ» ብለው እንዲጽፉት እጠይቃለሁ። የክር አከፋፋዮች እሽግ ሲፈቱ የፋብሪካውን ወረቀት አስቀምጠው፣ ለእያንዳንዱ ገዢ የምርት ቁጥሩንና የክሩን ዓይነት ከደረሰኙ ጀርባ ላይ ቢሆንም እንኳ እንዲጽፉለት እጠይቃለሁ። ሸማኔው ያችን ቁራጭ ወረቀት በደብተሩ ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ ክር የሠራቸውን ልብሶች ከሥሯ ይጽፋል። የቀረውን እኛ ነጋዴዎች እንሠራለን። ደንቡ ራሱ ፓስፖርት በሞዴል፣ በአንድ ጊዜ በተመረተ ስብስብ ወይም በነጠላ ዕቃ ደረጃ ሊዘጋጅ እንደሚችል ስለሚፈቅድና የትኛው እንደሚሆን ገና በዝርዝሩ ሕግ ስለሚወሰን፣ እያንዳንዷን ልቃቂት እስከ ገበሬው ማሳ ድረስ ተከታትለን ካላወቅን ብለን ከወዲሁ ራሳችንን ማስጨነቅ የለብንም።

ይህ በደብተር መጀመር አለበት ስል ዲጂታሉን በመናቅ አይደለም። መብራትም ኔትወርክም በሚቆራረጥበት ከተማ ውስጥ እየሠራን ነውና ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ የማይጠፋ መዝገብ ያስፈልገናል፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። ወደፊት ሲስተም ይገዛ ከተባለም፣ ደንቡ የፓስፖርቱ መረጃ ክፍት በሆኑ ስታንዳርዶች ላይ የተመሠረተ፣ ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው መዘዋወር የሚችልና ባለቤቱን ከአንድ አቅራቢ ጋር የማያስር እንዲሆን እንደሚያዝዝ አስታውሳችሁ ውል እንድትፈርሙ አደራ እላለሁ። መረጃችንን በራሱ ሣጥን ቆልፎ በየዓመቱ ኪራይ የሚያስከፍለን ሻጭ መምጣቱ አይቀርም፤ ከአሁኑም ብቅ ብቅ ያሉ አሉ።

የቡናው ጉዳይ እዚህ ላይ ትምህርት ይሆነናል። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና እንዳይገባ በደንብ ቁጥር 2023/1115 ሲከለክል፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ እንዲቀርብ ጠየቀ፤ ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። የእኛ ሀገር ቡና የሚመጣው በአብዛኛው ከአነስተኛ ገበሬዎች ትናንሽ ማሳ ነውና ነጥብ የመሰብሰቡ ሥራ ቀላል አልሆነም። የደንቡ መፈጸሚያ ቀን ሁለት ጊዜ መራዘሙ ለብዙዎች ትንፋሽ ሰጥቷል። የከብት ቆዳም ደንቡ ሲወጣ በውስጡ መካተቱን የከተማችን የቆዳ ነጋዴዎች ልብ ይበሉልኝ። እኛ ለጥጡ ያለን ጊዜ ከቡናው የተሻለ ነው፤ ጊዜው ግን ሥራ ካልተሠራበት ለማንም አይጠቅምም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። መዝገብ ሲባል የሸማኔውና የፈታይዋ ስም፣ ስልክና የመኖሪያ ቤት ለዓለም እንዲገለጥ መሆን የለበትም። ፓስፖርቱ ራሱ ለሁሉም የሚታየውን፣ ለተቆጣጣሪ ብቻ የሚታየውንና ለጠጋኝ የሚታየውን ለይቶ የሚይዝ አሠራር ነው፤ ሀገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። እማማ እገሊት የፈተሉት ማግ በቁጥር ይመዝገብ፤ ስማቸው ልብሱ ላይ እንዲጻፍላቸው ከወደዱ ደግሞ ፈቅደው፣ ዋጋ ተጨምሮላቸው ይጻፍ። የቱሪስት ፎቶ ለማስዋብ ሲባል የሽማግሌ ፊት ያለ ፈቃድ መለጠፍ በከተማችን የተለመደ ነውና ይህን አስቀድሜ ማንሣቴ ይቅር ይባልልኝ።

«ወደ ውጭ የምንልከው ስንት ነውና?» የሚለኝ አይጠፋም። ትንሽ መሆኑን እኔው ቀድሜ ተናግሬያለሁ። ነገር ግን የክሩ ምንጭ መታወቁ የሚጠቅመው የባዕዱን ገዢ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ወረቀት አልጨርስም ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚባልበት ሀገር ውስጥ ነን፤ የፋሲል መዋኛ ዙሪያ በነጭ ልብስ ከመሞላቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ቅዳሜ ገበያ የሚሸጠውን ልብስ የሚገዛ የጎንደር ሰው ዋጋ የሚከፍለው ለእጅ ሥራና ለጥጥ ነው። ከጎኑ ግን በውጭ ሀገር ማሽን ታትሞ የመጣ፣ ጥለቱ ሳይቀር የእኛን የሚመስል ፖሊስተር «የሸማኔ ነው» ተብሎ ይሸጥለታል። ሁለቱን የሚለይ ወረቀት የለምና ሸማኔው ከዚያ ጨርቅ ጋር በዋጋ እንዲወዳደር ይገደዳል። ድሩ ላይ ቁጥር ያለው፣ ደብተሩ የሚመሰክርለት ልብስ ከዚህ ውድድር ይወጣል። በከተማችን ካሉት ላቦራቶሪዎች አንዱ፣ በዩኒቨርሲቲያችንም ይሁን በሌላ ተቋም፣ የክር ናሙና በመጠነኛ ክፍያ የሚመረምርበት ቀን በወር አንድ ጊዜ ቢመቻች ደግሞ ከክብሪት ምርመራ እንገላገላለን።

እኔ በበኩሌ ከመስከረም ጀምሮ ደብተር ከፍቻለሁ። እስካሁን ከተረከብኋቸው ልብሶች ውስጥ የማጋቸውን ምንጭ ያልጻፍሁላቸው የሉም። በድሩ ዓምድ ውስጥ ግን ከአራት መስመር ሦስቱ «አልታወቀም» ይላሉ። ደንበኛዬ ሁለተኛውን ቅጽ ሲልክልኝ ያንኑ ቃል በሦስት ሣጥን ውስጥ ጽፌ መለስሁለት፤ ዕቃውን «ጥጥ» ሳይል በቅናሽ ተቀብሎኛል። ደብተሩን፣ የተቃጠሉትን የክር ናሙናዎችና የሁለቱን ቅጾች የአማርኛ ግልባጭ ይዤ በማናቸውም የሥራ ቀን በጠራችሁኝ ቢሮ ለመቅረብ፣ ከክር አከፋፋዮችም ጋር በአንድ ጠረጴዛ ለመቀመጥ ዝግጁ መሆኔን እገልጻለሁ። ስብሰባው ከመጪው የጥጥ ለቀማ በፊት ቢሆን፣ የሚቀጥለው ባሌ ቁጥር ይዞ ከመዳመጫው ይወጣል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የጎንደር የሽመና ውጤቶች ነጋዴ

ግልባጭ፦
ለጎንደር ሸማኔዎችና ፈታዮች
ለመተማና ለቋራ ጥጥ አምራቾች